የጣና ደንገል በሱሪኪ ደሴት እጅ፦ የሁለቱ «ራ» ታንኳዎች ጉዳይ

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ፊቷም ኋላዋም ወደ ላይ የተቆለመመ፣ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የደንገል ታንኳ ለእይታ ተቀምጣለች። ስሟ «ራ 2» ይባላል። የተሠራችበት ደንገል የተቆረጠው ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ያሰሯት ሰዎች ግን በሌላ ክፍለ ዓለም፣ በቦሊቪያ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ካለችው ከሱሪኪ ደሴት የመጡ አራት የአይማራ ተወላጆች ናቸው። ይህች ታንኳ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክ ውቅያኖስን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገብታለች። ከእርሷ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ ከዚያው ከጣና በመጣ ደንገል ተሠርታ ከዚያው ከሳፊ የተነሣችው ታላቋ «ራ» ደግሞ ባርቤዶስ ለመግባት አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀራት ኋላዋ ሰምጦ፣ ጎኗ ተፈትቶ፣ በውቅያኖሱ ላይ ተትታ ቀርታለች።

ተክሉ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ወቅቱ አንድ፣ የጉዞው መሪም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በዕደ ጥበብ ታሪክ ብዙ አይገኝም። ለዚህም ነው ጉዳዩ ከጀብዱ ወሬነት ባሻገር በጥሞና ሊጠና የሚገባው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ጉዞዎች በአንዳንድ ነገር ይለያያሉ፤ የመጀመሪያዋ 15 ሜትር፣ ሁለተኛዋ 12 ሜትር ነበሩ፤ ሁለተኛዋ ስትነሣም የመጀመሪያዋ ስሕተት ትምህርት ሆኖ ነበር። ዳሩ ግን ዋናው ልዩነት ደንገሉን ማን አሰረው፣ እንዴትስ አሰረው የሚለው ሆኖ እናገኘዋለን። ጽሑፉ የሚከተለውም ይህንኑ ነው።

ደንገሉ

በጣና ዳር ላደገ ሰው ደንገል ማለት ምን እንደ ሆነ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ተክል ባሕርይ ጋር ስለ ሆነ አንዱን ግንድ አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። ደንገል ለበዓል ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘው የቄጠማ ዘመድ ነው። እግሩን ከውኃ ውስጥ ተክሎ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ አረንጓዴ ፀጉር አለው፤ በግንዱ ላይ ግን ቅጠል የለም፣ አንጓም የለም። ግንዱን በቢላ አግድም ቢቆርጡት ገጹ ክብ ሳይሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ላዩ ለስላሳ፣ ጠንካራና ውኃ በቀላሉ የማያስገባ ልጥ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ነጭ፣ ስፖንጅ የሚመስል፣ በአየር የተሞላ ነገር ነው። ተክሉን የሚያንሳፍፈው ይህ በአየር የተሞላ ውስጡ ነው፤ አየሩን የሚጠብቀውም ልጡ ነው። እንግዲህ ውኃ የሚገባው በዋናነት በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው ማለት ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ኋላ ላይ ትልቅ ትሆናለች።

ሌላም ባሕርይ አለው። ደረቅ ደንገል በእጅ ሲያጥፉት ይሰበራል፤ የረጠበው ግን ይለመጣል እንጂ አይሰበርም፣ ሲጎትቱትም እንደ ገመድ ይጠነክራል። ደረቁን ያየ ሰው «ይህ ነገር ባሕር ይቋቋማል?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የጉዞው ወሬ በተሰማ ጊዜ ደንገል በባሕር ውኃ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይንሳፈፍም ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እነርሱ ያሰቡት ስለ ግንዱ ነበር፤ ስለ ታሰረ ታንኳ አልነበረም።

ደንገልን ወይም የደንገልን ዘመድ አስሮ ውኃ መሻገር የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አይደለም። በነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ በ18ኛው ምዕራፍ ላይ በውኃ ላይ የሚላኩ የደንገል መርከቦች ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ካለች አገር ጋር ተያይዘው ተጠቅሰዋል፤ የሙሴ እናት ሕፃኗን ያስቀመጠችበት ሣጥንም የደንገል ነበረ። በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የደንገል ታንኳ ሲታሰርና ሲቀዘፍ ተሥሎ ይታያል። በጊዜያችን ደግሞ ጥበቡ ካልጠፋባቸው ቦታዎች መካከል ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅሙናል፤ እነርሱም የእኛው ጣና፣ የቻድ ሐይቅና ቲቲካካ ናቸው።

በጣና ታንኳ የሚሠሩት በተለይ ነገደ ወይጦ ተብለው የሚታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ በደሴቶቹ ያሉ መነኰሳትና የዘጌ ሰዎችም ለዘመናት ሲገለገሉበት ኖረዋል። በቻድ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት ቡዱማ የተባሉት ከብት አርቢዎችና ዓሣ አጥማጆች ከደሴት ደሴት የሚሻገሩበት፣ አፍንጫው ከፍ ያለ፣ ኋላው ግን እንደ ተቆረጠ ቀጥ ብሎ የሚቀር የደንገል ጀልባ አላቸው። ቲቲካካ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሐይቅ ነው፤ እዚያ ደንገል አይበቅልም፤ ቶቶራ የተባለ ሌላ የቄጠማ ወገን ግን በብዛት ይበቅላል። የሐይቁ ሰዎች ሥሩን ይበሉታል፣ ከብት ያበሉታል፣ ቤት ይከድኑበታል፣ ታንኳም ይሠሩበታል። የእነርሱ ታንኳ ከቡዱማዎቹ በተለየ ፊቱም ኋላውም ሹል ሆኖ ወደ ላይ የሚነሣ ነው።

የመጀመሪያዋ «ራ»

የጉዳዩ ጠንሳሽ ኖርዌያዊው ቶር ሃየርዳል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከፔሩ ተነሥተው ኮን-ቲኪ በተባለ፣ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ግንዶች በታሰረ ተንሳፋፊ ሰላማዊ ውቅያኖስን በ101 ቀን በማቋረጣቸው ስማቸው በዓለም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውስጥ ደግሞ የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ሊደርሱ ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ ያዙ። ይህን ለማየት ደንገል ያስፈልጋቸው ነበር፤ የደንገል አገር የነበረችው ግብፅ ግን በዚያን ጊዜ ለመርከብ የሚበቃ ደንገል አልቀረላትም ነበር። ስለዚህ ወደ ጣና መጡ። ደሴቶቹን ጎበኙ፣ መነኰሳቱ የሚቀዝፏቸውን ታንኳዎች አዩ፤ በመጨረሻም 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ተቆርጦ፣ ደርቆና ታስሮ ወደ ግብፅ ተጫነ።

ደንገሉ ከጣና ሲሄድ ጥበበኞቹ ግን ከጣና አልተጠሩም። ታንኳዋን እንዲሠሩ የተመረጡት በቻድ ሐይቅ ዳር ካለችው ከቦል ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር የመጡት አብዱላዬ ጂብሪን ኋላ ላይ ከሰባቱ ባሕረኞች አንዱ ሆነው ተጉዘዋል። ሥራው የተካሄደው በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ በአሸዋው ላይ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ከሐይቅ የመጡ ሰዎች፣ በምድረ በዳ፣ የሌላ ሐይቅ ደንገል ይዘው፣ በድንጋይ ላይ ከተሣለ ሥዕል የተወሰደ የባሕር መርከብ እንዲሠሩ ተጠየቁ። ጥያቄው ራሱ ቀላል አልነበረም።

ችግሩ የተጀመረው ከኋላዋ ነው። የግብፅ ሥዕሎች የሚያሳዩት ፊቱም ኋላውም ወደ ላይ የተነሣ መርከብ ነው፤ የቡዱማ ጀልባ ግን ከላይ እንደ ተባለው ኋላ የለውም። ሠሪዎቹ የሚያውቁትን አሳምረው ሠሩ፤ የተነሣው ኋላ ግን ከዋናው አካል ጋር አብሮ የታሰረ ሳይሆን ቆይቶ የተቀጠለ ሆነ። ለሐይቃቸው እንዲህ ያለ ኋላ ፈጽሞ አያስፈልግም ነበርና ስለ እርሱ የወረሱት ዕውቀት አልነበራቸውም፤ ይህን ጥፋት በእነርሱ ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ላይ በሥዕሎቹ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ እስከ መርከቡ ወለል ድረስ ተወጥሮ የሚታይ አንድ ገመድ አለ። የጉዞው ሰዎች ይህ ገመድ ኋላውን ለማጉበጥ ብቻ የሚያገለግል፣ ቅርጹ ከተያዘ በኋላ የማያስፈልግ መስሏቸው ተዉት። ገመዱ ግን የሚሠራው ሥራ ሌላ ነበር፦ ማዕበል ከሥር ሲያነሣ ኋላው እንዲተጣጠፍ ይፈቅድለታል፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ያነሣዋል። የጥንቱ ሠዓሊ አንዲት መስመር በከንቱ አላሰመረም።

«ራ» ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሣች። ሰባቱ ተጓዦች ከሰባት አገሮች የመጡ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልቡ ነበር። ገና ከመጀመሪያው ቀን የመሪ መቅዘፊያዎቹ ግንድ ተሰበረ፤ ያም ሆኖ በዚያ ባሕር ላይ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስና የባሕሩ ሞገድ ወደ ምዕራብ ይዘዋት ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በላይ አትንሳፈፍም የተባለችው ታንኳ ሳምንት በሳምንት ላይ እየጨመረች ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። ይሁን እንጂ የተቀጠለው ኋላዋ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ወረደ፤ ወደ ላይ የተነሣ ጭራ መሆኑ ቀርቶ ማዕበሉን ወደ ውስጥ የሚጋብዝ ምላስ ሆነ። ነፋስ የሚመታው ጎኗ ከሌላው ይልቅ ውኃ ጠጥቶ ከበደ። የደንገሉን ጥቅሎች የያዙት ገመዶች ለየብቻ የተቋጠሩ ስለ ነበሩ አንዱ በፍትጊያ ተበልቶ በተበጠሰ ቁጥር የያዘው እስር ይላላል፣ የላላው እስርም ጎረቤቱን ይፈትገዋል፤ በመጨረሻ ሙሉ ጥቅሎች ከጎኗ እየተለዩ በባሕሩ ላይ ሲሄዱ ይታዩ ጀመር። በሐምሌ ወር ተጓዦቹ ወደ መጣላቸው ሌላ ጀልባ ተሻግረው ታንኳዋን ለባሕሩ ተዉት። ማንም ሰው አልሞተም።

እንግዲህ ደንገሉ ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ተለይተው የሄዱት ጥቅሎች በሄዱበት ይንሳፈፉ ነበር። የወደቀው ተክሉን ከተክል ጋር አንድ የሚያደርገው ነገር ነው።

የሱሪኪ ሰዎች ሥራ

ሃየርዳል ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከኮን-ቲኪ ዝና ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ነው። የተሻለ ሙጫ ወይም የናይለን ገመድ አልፈለጉም፤ የፈለጉት በተፈጥሮ ልማዳቸው ፊትና ኋላው ሹል የሆነ ታንኳ የሚያስሩ ሰዎችን ነው። ከሱሪኪ ደሴት ዴሜትሪዮ፣ ሁዋንና ሆሴ ሊማቺ እንዲሁም ፓውሊኖ ኤስቴባን ወደ ሞሮኮ መጡ። አዲስ ደንገል እንደ ገና ከጣና መጣ፤ ሥራውም በሳፊ ተጀመረ። አራቱ ሰዎች በእጃቸው የያዙት የሚያውቁትን ቶቶራ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም የቄጠማ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም ልጣቸው ጠንካራ ውስጣቸው አየር ነው፤ ለቶቶራ የተፈጠረ አስተሳሰር ለደንገልም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በመጀመሪያ ደንገሉ በቀጫጭኑ እየታሰረ እንደ ታንኳዋ የሚረዝሙ እስሮች ይሆናል። እነዚህ እስሮች በብዛት ይደረደሩና ከደንገል በተሠራ ምንጣፍ ይጠቀለላሉ፤ ከዚህም ሁለት ግዙፍ ድብልብል ጥቅሎች ይወጣሉ። በሁለቱ መካከል ርዝመቱ ከእነርሱ ጋር እኩል የሆነ፣ ውፍረቱ ግን በጣም ያነሰ ሦስተኛ ጥቅል ይጋደማል። ከዚያ መቶ ሜትሮችን የሚረዝም አንድ ወጥ ገመድ፣ ሳይቆረጥና ሳይቋጠር፣ አንዱን ግዙፍ ጥቅል ከቀጭኑ ጋር እያቀፈ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጠመዝማዛ ይዞራል። ሌላ ወጥ ገመድ ደግሞ ሁለተኛውን ግዙፍ ጥቅል ከዚያው ከቀጭኑ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ያዞራል። ሁለቱ ግዙፎች እርስ በርሳቸው በቀጥታ አልታሰሩም፤ የሚገናኙት በመካከለኛው በኩል ነው። ገመዶቹ ከዳር እስከ ዳር በኃይል እየተሳቡ ሲጠብቁ ቀጭኑ ጥቅል በሁለቱ መካከል ተውጦ ከዓይን ይጠፋል፤ ሁለቱ ግዙፎችም ደረት ለደረት ገጥመው አንድ ገላ ይሆናሉ። የተነሣው ፊትና የተነሣው ኋላ ከዚሁ ገላ ተለይተው የሚቀጠሉ አይደሉም፤ የዚያው ጥቅል ጫፎች እየቀጠኑ ሄደው የተቆለመሙ ናቸው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩ እንዴት ሆኖ እንደሚያብር ግን ተረቱ አይነግረንም። የቀድሞዋ «ራ» ድሮችም አብረው ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድር ለራሱ ተቋጥሮ ስለ ነበር የአንዱ መበጠስ ለጎረቤቱ ተረፈ። በሱሪኪ አስተሳሰር ገመዱ ወጥ ስለ ሆነ ማዕበል አንዱን ቦታ ሲወጥረው ውጥረቱ በጠቅላላው ጠመዝማዛ ላይ ይከፋፈላል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ደግሞ ገመዱ ይብስ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ቀደም ሲል ያልነው የተቆረጠ ጫፍ ጉዳይም እዚህ ላይ ይመጣል፦ ግንዶቹ ከጥብቀታቸው የተነሣ እርስ በርስ ተጨናንቀው ጫፎቻቸው ይዘጋሉና ውኃው የሚገባበት በር ይጠባል። ይህን ሁሉ ማንም ሱሪኪ ላይ ተቀምጦ በቀመር አላሰላውም። ተክሉ ሲያብጥ፣ ሲፈታ፣ ሲበሰብስ ትውልድ በትውልድ ላይ አይቶ፣ የማይሆነውን እየተወ የሆነውን እየያዘ የመጣ ነው። ከተፈጥሮ መማር ሲባል ብዙ ጊዜ የአበባ ወይም የወፍ ቅርጽ መኮረጅ ይመስለናል፤ የሱሪኪ ሰዎች የተማሩት ግን ከተክሉ መልክ ሳይሆን ከጠባዩ ነው።

በሁለተኛዋ ታንኳ ላይ ከኋላ ጫፍ ወደ ወለል የሚወርደው ገመድም በቦታው ተመለሰ። ጭነቱም በጥንቃቄ ተደለደለ፤ ነፋስ የሚመታው ጎን ቶሎ ውኃ እንደሚጠጣ ስለ ታወቀ ሸክሙ ወደ ሌላው ጎን እንዲያዘነብል ተደረገ። በዚህ ጊዜ ስምንት ሰዎች ተሳፈሩ። «ራ 2» እንከን የለሽ ነበረች ማለት አይቻልም፤ ውኃ እየጠጣች ዝቅ ብላ፣ ማዕበሉ ወለሏን እያጠበው ነው ባርቤዶስ የደረሰችው። ገላዋ ግን አልተፈታም። ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ብሪጅታውን ስትገባ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ነበር። በመንገድ ላይ ተጓዦቹ በውቅያኖሱ ፊት ላይ የሚንሳፈፍ የድፍድፍ ዘይት ጓል በየዕለቱ እየመዘገቡ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቀዋል። በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ከውኃው አንድ ክንድ አይርቅምና ከትልልቅ መርከቦች ፎቅ የማይታየውን ያያል፤ ባሕር መቆሸሹ ገና የዓለም መነጋገሪያ ባልሆነበት በዚያን ጊዜ ይህ ምስክርነት ቀላል አልነበረም።

ምን ተረጋገጠ፣ ምንስ አልተረጋገጠም

ሃየርዳል ጉዞውን የጀመሩለት ሐሳብ፣ ማለትም ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰዋል የሚለው፣ በአብዛኞቹ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ አንድ ነገር ሊሆን መቻሉ ሆኗል ማለት አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ የጉዞው መነሻ ከነበሩት ነገሮች አንዱ በናይልና በቲቲካካ ያሉት ታንኳዎች መመሳሰላቸው ነበር፤ ይህ መመሳሰል ግን የግድ ዘመድነትን አይጠይቅም። ረጅም፣ ቀላል፣ አንጓ የሌለው፣ በአየር የተሞላ ግንድ የተሰጠው ሰው፣ ዛፍ በሌለበት ደሴት ላይ ቢኖር፣ ከማሰር በቀር ሌላ ምን ያደርገዋል? ቢያስረውስ ጫፉ ከመቅጠን፣ የቀጠነውም ከመቆልመም በቀር ወዴት ይሄዳል? ጣናም፣ ቻድም፣ ቲቲካካም የሚመሳሰሉት አንዱ ከሌላው ስለ ወሰደ ሳይሆን ተክሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ስለሚሰጥ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል። የሚለያዩበት ነገር ደግሞ የየሐይቁን ኑሮ ይናገራል፤ ከብት የሚያጓጉዘው ቡዱማ ሰፊና ኋላው ድፍን ጀልባ ይዞ ቀረ፣ ነፋሻማውን የተራራ ሐይቅ የሚሻገረው አይማራ ሁለቱንም ጫፍ አነሣ።

በተግባር የተረጋገጠው ሌላ ነገር ነው። በሐይቅ ላይ የተወለደ የደሴት ጥበብ በሠሪዎቹ ሎጂክ እስከ ተሠራ ድረስ ከተወለደበት ውኃ በብዙ የሚበልጥ ውኃ ይችላል፤ የውጭ ሰው ሥዕል አምጥቶ በላዩ ሲቀጥልበት ግን የሚሰነጠቀው በቅጥያው ላይ ነው። ሃየርዳል ራሳቸው ይህን ትምህርት ይዘውት እንደ ቀሩ የሚያሳየው ሦስተኛው ታንኳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኢራቅ «ትግሪስ» የተባለችውን 18 ሜትር የምትረዝም የሸምበቆ መርከብ ሲያሠሩ እንደ ገና የቲቲካካ ሰዎችን አስመጡ፤ ከዚህም ሌላ የረግረጉ ነዋሪዎች የሆኑትን ዓረቦች አማከሩ። እነርሱም ሸምበቆው በነሐሴ ከተቆረጠ ውኃ ቶሎ እንደማይጠጣ ነገሯቸው። መቼ እንደሚቆረጥ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር ከማወቅ አያንስም፤ ዕውቀቱም የነበረው በላቦራቶሪ ሳይሆን ረግረጉ ላይ በተሠሩ የሸምበቆ ቤቶች ውስጥ ነበር። «ትግሪስ» ለአምስት ወር ያህል ተንሳፈፈች። መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ሃየርዳልና ባልደረቦቻቸው በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ ይካሄድ የነበረውን ጦርነት በመቃወም ጅቡቲ ላይ ራሳቸው በእሳት ለኮሷት፤ ስትቃጠልም ገና መንሳፈፍ የምትችል ነበረች። የዚያን ዘመን የእኛን አገር ሁኔታ ለሚያስታውስ ሰው ያ እሳት ስለ ማን እንደ ነደደ ማስረዳት አያሻም።

ጣና ዘንድ የቀረው

የሱሪኪ ጥበበኞች ከእነዚህ ጉዞዎች በኋላ በዓለም ታወቁ። በሐይቃቸው ላይ የዕለት ሥራው ወደ እንጨትና ወደ ሞተር ጀልባ ሲያደላ እንኳ ፓውሊኖ ኤስቴባንና የሊማቺ ቤተሰብ በስማቸው የሚጠሩ ባለሙያዎች ሆነው ቆዩ፤ ውቅያኖስ በሸምበቆ ለማቋረጥ የተነሡ ሌሎች ሰዎችም ደጃቸውን አንኳኩተዋል። ደንገሉን የቆረጡት፣ ያደረቁትና ያሰሩት የጣና ሰዎች ግን በታሪኩ ውስጥ የሚነሡት አንድ ጊዜ፣ በቶን ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የጣና ታንኳ ለአጭር መንገድ የተሠራ ነው፤ እንጨት፣ እህል፣ ዓሣ ወይም አንድ ሁለት ሰው ይጭናል፤ በመቅዘፊያ ዘንግ እየተገፋ በባሕሩ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል፤ ተሳፋሪውና ጭነቱ እንዳይረጥቡ ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብበታል። ጥቂት ወራት አገልግሎ ውኃ ሲጠግብ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ደንገሉ በእጅ ባለበት ዘመን ይህ ድክመት ሳይሆን ብልሃት ነበር፤ ዓመታት የሚቆይ ከባድ ጀልባ ከመጠገን ይልቅ በአጭር ጊዜ ቀላል ጀልባ ማሰር ይሻላልና። ባሕር ዳር ላይ በማታ የቆመ ሰው ባለ ታንኳው ወደ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገውን ያያል፦ ጭነቱን እንዳወረደ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ከራሱ የሚረዝመውን ነገር ለብቻው ተሸክሞ፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍለት አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ያቆመዋል። ደንገል ሌሊት ውኃ ላይ ካደረ ዕድሜው እንደሚያጥር ያውቃል። ይህ ዕውቀት ከሱሪኪው ጠመዝማዛ ገመድ አያንስም፤ የተሰጠው ክብር ግን አንሷል። ነገደ ወይጦ ለብዙ ዘመን በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በንቀት ሲታዩ፣ ከማዕድም ከጋብቻም ሲገለሉ የኖሩ ናቸው፤ ሠሪው የተናቀበት ጥበብ ደግሞ በእንግዳ ዓይን ፊት ቀርቦ «ይህ ሙያ ነው» ተብሎ አይታይም። ጉዳዩን ለሚያጠና ኢትዮጵያዊ እጅግ የሚከነክነው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ወደ ተክሉ ራሱ ዞሯል። የጣና ዳርቻ ደንገል በእርሻ መስፋፋት፣ በከብት ግጦሽና በከተማው ዕድገት ምክንያት እየሳሳ መጥቷል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ወዲያው ይታረሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወርሮ ታንኳ የሚቀዝፈውንም መረብ የሚጥለውንም አስጨንቋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ግን በራሱ ደንገል አያበቅልም። ደንገል ፍለጋ ከቀድሞው ራቅ ያለ መንገድ የሚሄደው ታንኳ ሠሪ፣ ያገኘውም አጭርና ቀጭን ሲሆንበት፣ በአንድ ታንኳ ላይ ብዙ እስር መጨመር ይኖርበታል፤ በዚህም ሥራው ይበዛል፣ ዋጋው ግን ከእንጨትና ከብረት ጀልባ ጋር መወዳደር አለበት።

ኦስሎ ያለችው «ራ 2» እንግዲህ ደርቃ፣ ከዝናብና ከማዕበል ተጠብቃ፣ ከታሰረች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይታለች። ዙሪያዋን የሚሽከረከሩት ገመዶች የሱሪኪ ናቸው፤ ከገመዱ ሥር የሚታየው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ የጣና ነው።